የቅበላው እሑድ ሳቅ

በእኛ አገር ሙሽራ አትስቅም። ከአባቷ ቤት ልትወጣ ነውና ታለቅሳለች፤ እንባ እንቢ ካላትም አንገቷን ደፍታ ያለቀሰች ትመስላለች። እኔ ግን በሰርጌ ቀን፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሜ፣ ሳቅሁ። ስትሰሙት ቀላል ነገር ይመስላችኋል። እስኪ ታገሡኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ አሁን አርጅቻለሁ፣ የሚያስቸኩለኝም የለም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። አባቴ በቢቸና ገበያ እህል የሚነግድ ሰው ነበር። ሀብታም አይባልም፤ ቤቱን ግን እንግዳ አይለየውም። የእንግዳ እግር ማጠብ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። ዲያቆን ስሜነህንም ያወቅሁት በእግሩ ነው። የሞጣ ልጅ ነው፤ ደብረ ወርቅ አካባቢ ቅኔ ሲማር ወደ ቢቸና በመጣ ቁጥር እኛ ዘንድ ያድራል፣ አባቴም ጨዋታውን ይወድለታል። እኔ ውኃ ይዤ እገባለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ እግሩን አጥባለሁ፣ እወጣለሁ። ቀኝ እግሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር አውቃታለሁ፤ ፊቱን ግን አንድም ቀን ቀና ብዬ በወጉ አላየሁትም። በኋላ ከሞጣ ሽማግሌ ተልኮ አባቴ እሺ ሲል፣ የተዳርሁት እግሩን ለማውቀው ሰው ነበር። ደስ ብሎኛል። ለምን እዋሻለሁ፤ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኝ ነበር፤ አፌ።

ጥርሴስ ደህና ነበር። ጧት ማታ በወይራ መፋቂያ የምፍቀው ነጭ ጥርስ ነው። ድዴ ግን ቀይ ነው፣ ሰፊም ነው። ስስቅ ከጥርሴ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ወንድሞቼ ገና ፈገግ ስል "ሥጋ ቤቱ ተከፈተ!" ይሉኛል። ለእነሱ ጨዋታ ነው፤ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳቄ ሲመጣ ነጠላዬን ወደ አፌ ማምጣት ለምጃለሁ። የአገሬ ሴቶች መድኃኒቱን ያውቁታል፤ ድድን መነቀስ ነው። የጠቆረ ድድ ላይ ጥርስ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይታያል። እናቴ ግን ታላቅ እህቴን አስነቅሳ የደረሰባትን ሥቃይ አይታ ስለነበር እኔን ሳታስነቅሰኝ ቀርታለች።

ሰርጌ የቅበላ እሑድ ሊሆን ተቆረጠ። ከዚያች እሑድ ማግስት ሁዳዴ ይገባል፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰርግ የሚባል ነገር የለም። ወደዚያች ቀን የገፋን የእነ ስሜነህ ቤት ነገር ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ አርጅተው መቀደስ ካቆሙ ቆይተዋል። ቤተሰቡ የሚያርሰው መሬት የደብሩ ነው፤ ከቤቱ የሚያገለግል ቄስ እስካለ ይታረሳል፣ ቄስ ከጠፋ ለሌላ ይሰጣል። ደብሩ ስሜነህን እስከ ፋሲካ ልጠብቅ ብሏል። ዲያቆን ደግሞ በተክሊል አግብቶ፣ ከሚስቱ ጋር ቆርቦ ካልሆነ ቅስና አይቀበልም። እንግዲህ ያች እሑድ ካመለጠች መሬቱም አመለጠ ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

በሰርጉ ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ አክስቴ ብርቄ ከሞጣ በእህል መኪና ላይ ተጭና መጣች። ብርቄ የአባቴ እህት ናት። ሁለት ባል በሰማንያ አግብታ ሁለቱንም የቀበረች፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን እንደ ቅቤ የሆነ ሴት ነበረች። ገና ጓዟን ሳታወርድ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"እስቲ ሳቂልኝ" አለችኝ።

"ምን ያስቃል?"

"ዝም ብለሽ ሳቂ። ጥርስሽን ልየው።"

እኔ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳመጣ እጄን መታ አደረገችና ራሷ ከንፈሬን ገልጣ አየች።

"በስመ አብ! በዚህ ድድ ነው ሞጣ የምትገቢው? አንች የሞጣን ሴት አታውቂያትም። ሙሽራን ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ገላልጣ ነው የምታየው። አማትሽስ ብትሆን ምን ትላለች?"

እናቴ ከወዲያ ሆና "ተያት፣ ጊዜውም አልፏል" አለች። ብርቄ ግን ሰምታም አላወቀች። ወደ እኔ ዞራ በቀስታ "አንጓችዬ፣ አንች ራስሽ ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሰርጌ "አንች ምን ትያለሽ" ያለኝ ሰው አልነበረም። ስሜነህ ስስቅ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ነጠላ ሳልይዝ፣ አፌን ሳልሸፍን፣ እንደ ሰው ስስቅ። እነቀሳለሁ አልኋት።

በማግስቱ ሐሙስ ጧት ነቃሿ ቤት ሄድን። እትዬ ሙሉ ይሏታል፤ የቢቸና ልጃገረድ ሁሉ በእሷ እጅ ያለፈች ናት። ቁርበት ላይ በጀርባዬ አስተኛችኝና ራሴን አክስቴ ጭን ላይ አኖረችው። በክር አንድ ላይ የታሰሩ መርፌዎች ነበሯት። ከኩራዝ ጭስ ያጠራቀመችውን ጥቀርሻ በቅጠል ጭማቂ ለውሳ በሸክላ አስቀምጣዋለች። የላይኛውን ከንፈሬን በጨርቅ ይዛ ወደ ላይ ስታነሣው ዐይኔን ጨፈንሁ።

"ሰርጉ መቼ ነው?" ስትል ሰማኋት።

"እሑድ" አለች ብርቄ።

"የትኛው እሑድ?"

"የዚህ ሳምንቱ፤ የቅበላው።"

የእትዬ ሙሉ እጅ ቆመ። "ብርቄ፣ ጤናም የለሽ? ይህ አፍ እኮ ሳምንት ይፈልጋል። ያብጣል፣ ይደማል።"

"ሙሽራ ደግሞ አፍ ምን ያደርግላታል? አትበላ፣ አትናገር፣ አትስቅ! ይበጥ ዝም ብሎ፤ ጥለት ይሸፍነዋል። ሞጣ ገብታ ስትገለጥ ድኖ ይገኛል።"

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ ሙሉ "እንግዲያው የላይኛውን ብቻ ልንቀሳት" አለችና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ "ልጄ፣ እንዳትስቂ ብቻ። ከሳቅሽ ቁስሉ ይሰነጠቃል፣ ያን ጊዜ እኔ የለሁበትም" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማውራት አልፈልግም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በራስ ቅሌ ውስጥ ነበር። የአክስቴን ጉልበት በጥፍሬ ይዤ እንባዬ በጆሮዬ ላይ ሲወርድ፣ እሷ ግንባሬን እያሻሸች "ቆንጆ ያደረገሽ አምላክ ትንሽ ለእኛ አስቀርቶልን ነው" ትለኛለች። ስንመለስ አፌ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከንፈሬ አፍንጫዬን ሊነካ ደርሶ ነበር። እናቴ አየችኝና ወጥታ ሄደች። ያን ቀንና ዓርብን ቀዝቃዛ የኑግ ውኃ በቀንድ ዋንጫ እየተንጠባጠበልኝ ዋልሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን መምሬ አድማሱ ሊያናዝዙኝ መጡ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ታስሯል። የሙሽራው ወገኖችም ከሞጣ ገብተው ከእኛ ራቅ ብሎ ካለ ዘመዳቸው ቤት አርፈዋል። ተነሥቼ መስቀል ልሳለም ጎንበስ ስል ነጠላዬን ከአፌ አላወረድሁም።

"አፍሽን ምን ነካው ልጄ?" አሉኝ መምሬ።

መልሱን የሰጠችው ብርቄ ናት፣ ያውም በኩራት። "ተነቅሳ ነው አባቴ! ለሰርጓ ብዬ እኔ ነኝ ያስነቀስኋት።"

"መቼ?"

"ሐሙስ።"

መምሬ መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው "ብርቄ፣ ይህች ልጅ እኮ ነገ ሥጋ ወደሙ ልትቀበል ነው" አሉ።

የቤቱ ጫጫታ በአንድ ጊዜ ሲቆም ዛሬም ይሰማኛል። እናንተ "እንዴት አንድ ሰው እንኳ አላሰበውም?" ትሉ ይሆናል። እኛ ቤት ውስጥ ያገባው ሁሉ በሰማንያ፣ ያለ ቁርባን፣ ያገባ ነው። አያቴም፣ እናቴም፣ እህቴም፣ ብርቄ ደግሞ ሁለቴ። ሰርግ ሲባል ድግሱ፣ ሚዜው፣ በቅሎው፣ ጥሎሹ ነው ለእነሱ። ቁርባን ሰው ሲያረጅ የሚያደርገው ነገር ነው። አፉ የሚደማ ሰው እንደማይቆርብ ደግሞ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አድርጎ ያሰበ ግን ከቤታችን አልተገኘም።

ብርቄ እመሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "ምን አደረግሁ እኔ?" አለች።

"ይደማል አሁን?" አሉኝ መምሬ።

"አላውቅም አባቴ" አልሁ፤ እንዲያውም "አላውቅም" ያልሁት በአፍንጫዬ ነው።

ነጭ ጨርቅ አስመጥተው ድዴን እንድጫነው አዘዙኝ። ጨርቁ ላይ ጥቀርሻና ትንሽ የወየበ ነገር ታየ፤ ቀይ ግን አልነበረም። መምሬ ጨርቁን አገላብጠው አዩና ሲተነፍሱ ሰማኋቸው።

"ስሚኝ ልጄ" አሉኝ። "ይህን ጨርቅ አጥበሽ ያዢው። ነገ ጧት እንዲህ ነጭ ሆኖ ካደረ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነይ። ቀይ ካየሽበት ግን ንገሪኝ። እኔ የሰው አፍ ከፍቼ አላይም። የምታውቁት አንችና እግዚአብሔር ናችሁ።"

ያች ማታ እንዴት እንዳለፈች አላውቅም። መጾሙስ አልከበደኝም፤ ከሐሙስ ጀምሮ ምን በልቼ! ጎኔ የተኛችው ብርቄ ግን አንዴ ለማርያም፣ አንዴ ለጊዮርጊስ እየተሳለች አደረች። ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ጨርቁን ተጫንሁት። ወደ በሩ ወስጄ በንጋቱ ብርሃን አየሁት። ነጭ ነው። እናቴ ከእጄ ቀምታ አየችና እልል አለች፤ ሴቱ ሁሉ ተቀበላት። ብርቄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስ ነበር።

ካባ አልብሰው፣ ራሴን ሸፍነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱኝ። አፌን ገጥሜ፣ በአፍንጫዬ ብቻ እየተነፈስሁ ሄድሁ። "አትሳቂ፣ አትናገሪ፣ ከንፈርሽን አታንቀሳቅሽ" ትለኛለች ብርቄ በየእርምጃው። ምን ያስቀኛል ብዬ ነበር የማስበው።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ቀድሞ ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ያየሁት እንደ ልማዴ እግሩን ነው። ጫማውን አውልቋል፤ ጠባሳዋም በቦታዋ አለች። ልቤ ትንሽ ረጋ አለ። ቀና ስል አንድ ነገር ገረመኝ፤ እሱም አፉን በነጠላ ሸፍኗል። ከጎኑ የቆሙት እናቱ፣ ፊታቸው ኮስተር ያለ ረጅም ሴት፣ ቶሎ ቶሎ ያዩታል። ብርድ ይዞት ይሆናል አልሁ።

መምሬ አድማሱ ወጡና በሽማግሌዎቹ ፊት አቆሙን። "ወደ ውስጥ ሳንገባ የሁለታችሁን ፈቃድ ከአፋችሁ መስማት አለብኝ" አሉ። "ዲያቆን ስሜነህ፣ ይህችን ልጅ በፈቃድህ ነው የምታገባት?"

ስሜነህ ነጠላውን ከአፉ አወረደ። ደረቱን ነፍቶ፣ ቅዳሴ ላይ እንደሚያዜም ሰው በሚያምር ድምፅ፣

"በፈቃዴ ነው አባቴ!" አለ።

"በፈቃዴ" ከማለቱ ከአፉ አንዲት ነጭ ነገር ወጥታ ተወረወረችና መምሬ አድማሱ ጢም ላይ ተለጠፈች።

መምሬ በሁለት ጣታቸው ከጢማቸው ላይ አንሥተው አገላብጠው አዩዋት። ስሜነህ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ በዚያው በተከበረ ድምፅ፣

"ጧፍ ናት አባቴ" አለ። ሲናገር የፊት ጥርሱ ቦታ ባዶ ነበር።

ታሪኩን ኋላ ሰማሁት። ለሰርጉ ዳስ ሲጥል ምሰሶ አምልጦ አፉን መትቶት አንድ ጥርሱ ወድቋል፤ ቁስሉስ ቀድሞ ድኗል። እናቱ "የቢቸና ሰው ጥርስ የሌለው ሙሽራ አመጡብን እንዳይል" ብለው ከጧፍ ሰም ጥርስ ሠርተው ሰክተውለታል፤ ከቁርባን በፊት ሊያወጣት ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አፌ ስጨነቅ መቆየቴን ነው። እሱም ከሞጣ ድረስ አፉን ሸፍኖ መምጣቱን ነው። መምሬ አድማሱ ደግሞ የሰም ጥርስ ይዘው ምን እንደሚያደርጓት ግራ ገብቷቸው ቆመዋል።

ሳቅሁ። እጄ ካባው ውስጥ ነበርና አፌን የምሸፍንበት ጊዜ አላገኘሁም። አፌን ከፍቼ፣ ድዴን ጥርሴን አሳይቼ፣ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። ስሜነህ ዞሮ አየኝ። የጎደለች ጥርሱን ረስቶ እሱም ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ያየኝ ሰው አልነበረም።

ወዲያው ምላሴ ላይ የደም ጣዕም መጣ።

አፌን ገጠምሁ። መምሬ "አንችስ ልጄ?" ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ሙሽራ በራሷ ነቅንቃ ብትመልስ ማንም አይፈርድባትም። አስገቡንና ከመቅደሱ ፊት ለፊት ጎን ለጎን አስቀመጡን። ካህናቱ ዘውዱንና ቅብዐ ቅዱሱን ሊያመጡ ገቡ። እኔ ጨርቄን ከካባው ውስጥ አውጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ድዴን ተጫንሁት። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀይ ነገር ታየችኝ። ዳግመኛ ተጫንሁት፤ ሌላ ቀይ።

አንባቢዎቼ፣ እዚያች ቦታ ላይ ተቀመጡልኝ እስኪ። ከውጭ ከበሮው ይሰማል። አባቴ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ደግሷል። የስሜነህ ቤት መሬት በዚያች ቀን ላይ ተንጠልጥሏል። ደሙን ደግሞ ማንም አላየም። ዋጥ ባደርገው ያልቃል። "የምታውቁት አንችና እግዚአብሔር ናችሁ" ያሉኝ ቃል በጆሮዬ ይጮኻል። እውነቱን ለመናገር እግዚአብሔርን ፈርቼ ብቻ አይደለም ያልዋጥሁት። ከዚህ ሰው ጋር የምኖረውን ኑሮ ሁሉ አፌን ሸፍኜ ልጀምረው ነው ወይ ብዬ አሰብሁ። ገና አሁን ነበር የገለጥሁት።

የስሜነህን ካባ ጫፍ ሳብሁት። ጎንበስ አለ።

"ደም አለኝ" አልሁት። ለባሌ የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ጨርቁን አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ከምኑ ነው?"

"ተነቅሼ ነበር። ስስቅ ተሰነጠቀ።"

"ማን አየ?"

"እርስዎ ብቻ።"

ዐይኑን ጨፈነ። ምን እያሰበ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ያረጁ አባቱን፣ መሬቱን፣ ያን ሁሉ ዓመት ለምኖ የተማረውን ትምህርት ነው። ካህናቱ ዘውዱን ይዘው ብቅ ሲሉ ዐይኑን ገለጠ።

"ነይ እንነሣ" አለኝ።

መምሬ አድማሱ ጨርቁን አይተው ዘውዱን ይዘው ወደ መጡበት ተመለሱ። ውጭ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ብርቄ "እኔን ግደሉኝ!" እያለች መሬት ትደቃለች። የስሜነህ እናት ግን አላለቀሱም። ልጃቸው ፊት ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"የስንዴ ቅንጣት ታክላለች ነው የምትሉት? ማን አያት? የአባትህ ማሳ በዚህች ይሂድ? እስቲ ንገረኝ፣ ማን አያት?" አሉት።

"እኔ አይቻለሁ እማዬ።"

"ይህች ልጅ መሳቅ አልነበረባትም!"

"ያሳቅኋት እኔ ነኝ" አለ ስሜነህ። "የሰሟን ጥርስ የሠሩልኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም፤ ሌላውም ተከተለው። አባቴ ራሱ ሳቀ። እናቱ ግን ሳይስቁ ዞረው ወደ በቅሏቸው ሄዱ።

ተክሊሉ ለዳግም ትንሣኤ ተላለፈ። ድግሱስ? ወጥ ተሠርቷል፣ በሬ ታርዷል፣ ነገ ሁዳዴ ነው። አባቴ ተነሥቶ "ልጄን ዛሬ ባልሰጥም እህሌን እሰጣለሁ፤ ሥጋ ፋሲካን አይጠብቅም፣ ግቡና ብሉ!" አለ። የቢቸና ሰው ገብቶ በላ። ጠጣ፣ ዘፈነም። ሙሽራ ያልወጣበት ሰርግ ተብሎ ለብዙ ዓመት የተወራው ይኸው ነው። እኔ ጓዳ ተቀምጬ የራሴን ሰርግ ዘፈን ሰማሁ።

መሸት ሲል የሞጣ ሰዎች ሊነሡ ሆነ። አባቴ ወደ ጓዳ ብቅ ብሎ "አንጓች፣ እንግዳ እኮ እግሩን ሳይታጠብ ሊሄድ ነው" አለኝ። ያለቀሰ ዐይን ነበረው። ውኃ ይዤ ወጣሁ። ስሜነህ ዳሱ ዳር ተቀምጧል። እንደ ድሮው ተንበርክኬ እግሩን ውኃ ውስጥ አስገባሁ። እንደ ድሮው ግን አንገቴን አልደፋሁም።

"ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ" አለኝ በቀስታ። "መሬቱ ግን ለሌላ ይሰጣል። ምናልባት ለጊዜው ቅስናም አይኖረኝም። ሐሳብሽን ብትለውጭ አልቀየምሽም።"

አፌ ያመኛል፤ ብዙ መናገር አልችልም። "እኔ መሬትዎን አላውቀውም" አልሁት። "የማውቀው እግርዎን ነው።"

እንባው በጉንጩ ወርዶ ውኃው ውስጥ ገባ።

መጣ። በዳግም ትንሣኤ እሑድ ተጋባን፤ በጠላና በንፍሮ። መሬቱ በእርግጥም ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። አማቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በወጉ አላነጋገሩኝም፤ እኔም አልፈርድባቸውም፣ ያረሱትን ያጡት እሳቸው ናቸው። ሞጣ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እሱ ለሰፈሩ ሕፃናት ፊደልና ዳዊት ሲያስተምር እኔ ጠላ ሸጥሁ። ይህን የምጽፍበትንም ፊደል ከእነዚያ ሕፃናት ኋላ ተቀምጬ ነው የተማርሁት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥት ሲለወጥ ያ መሬት ከያዘውም ሰው ተወሰደ። ያን ጊዜ አማቴ ቤታችን መጡና የሰጠኋቸውን ጠላ ተቀብለው፣ "እንዲያው ለከንቱ ነው ለካ የተቀየምሁሽ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ እግራቸውን እኔ ነኝ ያጠብኋቸው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የልጅ ልጄ ናት። ሰርጓ ደርሶ ባሕር ዳር ጥርሷን ልታስነጣ ልትሄድ ነው። "እማማ፣ ያምም ይሆን?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኋት። ሂጅ አስነጪ፣ ደስ ይበልሽ፤ ብቻ ከሰርግሽ ቀደም አድርጊው። የሚያገባሽም ሰው ጥርስሽ ከመንጣቱ በፊት ስትስቂ ይይሽ አልኋት። ለእናንተም ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም። የሰው ፊት ሳይገለጥ የተገባበት ቤት ሲገለጥ ያስቸግራል። እኛ ያን ቀን ብዙ አጥተናል፤ የምንደባበቀው ነገር ግን ከዚያች በር አላለፈም።

አሁን ጥርሴ ረግፏል። ንቅሳቱ የተሠራው ጥርሴን ሊያደምቅልኝ ነበር፤ ጥርሴ ሄዶ እሱ ቀረ። በስተቀኝ በኩል፣ ያኔ የተሰነጠቀችው ቦታ፣ ቀለሙ ሳይዛት ቀርታ እስከ ዛሬ ቀይ ናት። የስሜነህ ዐይን ደክሟል፤ መጽሐፍም ካነበበ ቆይቷል። ትናንት ማታ የልጅቷን ነገር ስነግረው ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ እጁን ከዐይኑ በላይ ጋርዶ፣

"እስቲ ሳቂ፤ አለች ወይ ቀይዋ?" አለኝ።

ሳቅሁለት።

"አለች" አለ።